የካንዴላ ንባብ በ2,300 ሜትር ከፍታ

(ለአሮጌ መኪና ባለቤቶች ከቀረበ ንግግር ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የተጻፈ)

እንደምን አመሻችሁ። ውጭ የቆሙት መኪኖች አብዛኞቹ ቮልስ ናቸው፤ ፊያትና ፔጆም አይቻለሁ፣ ባለቤቶቻቸው እንዳይከፋቸው። ነገሬ የካንዴላ ንባብ ነው፤ ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን ካንዴላ ፈትቶ ከመልኩ የአየርና የቤንዚን ድብልቁን ልክ ማወቅ። በቮልስ ሞተር ላይ የማሳየው ለማድላት ብዬ አይደለም። አየርና ቤንዚን የሚቀላቅል አንድ ካርቡራተር አራት ሲሊንደር የሚመግብበት ቀላል ሞተር ስለሆነ፣ የአንዱን ካንዴላ ነገር ከሌላው ጋር ለማስተያየት ይመቻል። ካርቡራተር ላላት ለማንኛዋም መኪና ግን ሐሳቡ ያው ነው።

ጋራዥ ስትሄዱ የሚሆነውን ታውቁታላችሁ። መካኒኩ አንዱን ካንዴላ ይፈታል፣ ወደ ብርሃን ያዞረዋል፣ «ነዳጅ በዝቶባታል» ይላል፣ ካቻቢቴ አንስቶ የካርቡራተሩን ቪቴ ሩብ ዙር ያጠብቃል። ልክ ሊሆን ይችላል። ግን ያ ካንዴላ የሚናገረው ስለ የትኛው ሰዓት ነው? ጠዋት ከግቢ ስትወጣ፣ ለቀዝቃዛ ሞተር ነዳጅ በሚያበዛው በቾክ ስለሠራችበት? መብራት ላይ በሚኒሞ፣ ፔዳል ሳይረገጥ፣ ስለቆመችበት? ወይስ ዳገት ላይ በሦስተኛ ማርሽ ስለጎተተችበት? ይህን ሳይጠይቅ የሚፈርድ ሰው ካንዴላውን አይቷል እንጂ አላነበበም።

የእኔ ክርክር ይህ ነው፤ ካንዴላ ፈትቶ ቀለሙን ከድሮ መጽሐፍ ሥዕል ጋር ማስተያየት፣ በዛሬ ቤንዚንና በአዲስ አበባ ከፍታ፣ ያሳስታል። መታየት ያለበት ቦታም ጊዜም ሌላ ነው።

መሠረቱን በአጭሩ ልለፈው። 1 ኪሎ ቤንዚን ተቃጥሎ እንዲያልቅ 14.7 ኪሎ አየር ይፈልጋል። ሞተሩ ከፍተኛውን ጉልበት የሚሰጠው ግን ቤንዚኑ ትንሽ ሲበዛ ነው፤ ከ12.5 እስከ 13 ኪሎ አየር ላይ። ወደ 15 እና 16 ሲጠጋ ነዳጅ ይቆጠባል፤ ከዚያ ካለፈ ሞተሩ መንገጫገጭና እሳት መሳት ይጀምራል። ጭነት ላይ እያለ ነዳጅ ካነሰው ደግሞ ሙቀቱ ያይላል፤ ውሃ በሌለው፣ በአየር ብቻ በሚቀዘቅዝ ሞተር ላይ ይህ ቀልድ አይደለም። ካርቡራተሩ ይህን ልክ የሚጠብቀው በአንድ ቀዳዳ አይደለም። ለሚኒሞ የራሱ መንገድ አለው፣ ከሚኒሞ ወደ ጉዞ ለመሸጋገር ሌላ፣ ለጉዞ ደግሞ ዋናው ጄት፣ ማለትም ቤንዚኑ ተለክቶ የሚያልፍባት ቀዳዳ፣ አለ። ስለዚህ «ነዳጅ በዝቷል» ከተባለ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ በየትኛው መንገድ የሚለው ነው። የሚኒሞ ቪቴ አጥብቃችሁ የዳገቱን ጥቀርሻ አታጠፉም።

ካንዴላው ራሱ የሚኖረው በሁለት የሙቀት ድንበሮች መካከል ነው። መሃሉን የከበበው ሸክላ ጫፉ ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲያልፍ የተቀመጠበትን ጥቀርሻ እያቃጠለ ራሱን ያጸዳል። ከዚያ በታች ጥቀርሻው ይከማቻል። ጥቀርሻ ካርቦን ስለሆነ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ እሳቱ በክፍተቱ መዝለሉን ትቶ በሸክላው ላይ አድርጎ ወደ ብረቱ ይሾልካል፣ ሞተሩም አንድ እግሩን ያጣል። በሌላው በኩል ሙቀቱ 900ን ካለፈ የሸክላው ጫፍ ራሱ ግሎ ብልጭታውን ሳይጠብቅ ድብልቁን ያቀጣጥለዋል፤ ይህ ፒስተን ይበሳል።

ከዚህ አንድ ነገር ያዙልኝ። ልጆች ትምህርት ቤት አድርሳ፣ ሱቅ ደርሳ፣ በትራፊክ ተጨናንቃ የምትመለስ መኪና ካንዴላዋ 500 ዲግሪ ሳይደርስ ቀኑ ያልቃል። ቢጠቁር ምን ይገርማል? ካርቡራተሩ ፍጹም ልክ ሆኖ ካንዴላው ጥቁር ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ቀለሙ። የድሮ የጥገና መጻሕፍት «ጤነኛ ካንዴላ» ብለው የሚያሳዩት የማኪያቶ መልክ ያለው ነው። ሁላችንም በዚያ ተምረናል። ያንን ቡናማ በአብዛኛው ያመጣው ግን እርሳስ ነበር። ቶማስ ሚጅሊ የተባለው አሜሪካዊ በ1921 እ.ኤ.አ. ጄኔራል ሞተርስ ውስጥ ሲሠራ፣ እርሳስ ያለበት ውሕድ ቤንዚን ውስጥ ሲገባ የሞተርን ማንኳኳት፣ ማለትም ድብልቁ ያለ ልኩ ሲፈነዳ የሚሰማውን ድምፅ፣ እንደሚያስቀር አገኘ። ከዚያ ወዲያ ለብዙ አሥርተ ዓመታት ዓለም እርሳስ ሲያቃጥል ኖረ። እርሳሱ ሲቃጠል የሚተወው ጨው በሸክላው ላይ እየተለበጠ ያንን የታወቀ ቡናማ ይሰጠዋል። ከሰሃራ በታች ያሉት አገሮች እስከ 2006 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ድረስ ይህን ቤንዚን ተዉት፤ በዓለም ላይ ለመኪና መሸጥ በመጨረሻ ያቆመችው አልጄሪያ ናት፣ በ2021።

ዛሬ በምንቀዳው ቤንዚን ጤነኛ ሞተር የካንዴላውን ጫፍ ነጭ ሊያደርገው ይችላል፤ ወይም ነጣ ያለ ግራጫ፣ ወይም ጥቂት ቢጫ የነካው። የድሮውን መጽሐፍ የያዘው ሰው ይህን ነጭ ያይና «ነዳጅ አንሷታል» ይላል። ጄት ያሰፋል። እንደገና ይፈታል፤ ገና ነጭ ነው። እንደገና ያሰፋል። በመጨረሻ የሚፈልገውን ቡናማ ሲያገኘው መኪናዋ በ100 ኪሎ ሜትር የምትጠጣው ቤንዚን ወደ ላይ ወጥቶ፣ ዘይቷም በቤንዚን ቀጥኖ ይገኛል። ብዙ ቮልሶች ጥቁር ጭስ እየተፉ የሚሄዱበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል። በነገራችን ላይ ካንዴላችሁ የዝገት መልክ፣ ቀይ ወይም ብርቱካናማ ሆኖ ካገኛችሁት ስለ ድብልቁ ምንም አይናገርም። ኦክቴን ይጨምራል ተብሎ በመኪናዋ የነዳጅ ታንከር ውስጥ የሚፈሰው ነገር የብረት ወይም የማንጋኒዝ ውሕድ ስላለበት ነው።

ታዲያ የት እንይ? ወደ ውስጥ። ሸክላው ወደ ብረቱ ቅርፊት እየገባ የሚጠፋበት ሥር አለ፤ ጨለማ ጉድጓድ ስለሆነ ማንም አያየውም። ወርቅ ሠሪ የሚጠቀምበት 10 ጊዜ የሚያጎላ መነጽርና ቀጭን የእጅ ባትሪ ያዙ። ከላይ ያለው የሸክላ ጫፍ በሙቀት ራሱን ስለሚያጸዳ ወሬው ይጠፋል፤ ሥሩ ግን ቀዝቀዝ ያለ ስለሆነ ድብልቁ የጻፈው ሳይሰረዝ ይቆያል። በሙሉ ጭነት ከተሠራ በኋላ በሸክላው ሥር ዙሪያውን የዞረ ቀጭን የጥቀርሻ ቀለበት፣ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር የሚሆን፣ ካያችሁ ድብልቁ ደህና ነው። ቀለበቱ ጨርሶ ከሌለና ሸክላው እስከ ሥሩ ድረስ እንደ አዲስ ከነጣ ነዳጅ አንሷል። ቀለበቱ ወፍሮ፣ ጠቁሮ፣ የሸክላውን ግማሽ ከወጣ በዝቷል። የውድድር ሰዎች ለጥንቃቄ ካንዴላውን ቅርፊቱን በመጋዝ ቆርጠው ሥሩን በጠራራ ፀሐይ ያያሉ፤ ለእኛ መነጽሩ ይበቃል፣ ካንዴላም እንዲህ ርካሽ አይደለም።

ጫፉ ግን ምንም አይናገርም ማለቴ አይደለም፤ ስለ ሙቀት ይናገራል። ሸክላው ላይ እንደ በርበሬ ፍሬ የተበተኑ ጥቃቅን ጥቁር ወይም የሚያብለጨልጩ ነጥቦች ካሉ በጣም ተጠንቀቁ፤ የሚያብለጨልጩት ከፒስተኑ የተነሳ አሉሚንየም ነው። ሞተሩ እያንኳኳ ነው፤ ወይ እሳቱ ከልክ በላይ ቀድሟል፣ ወይ ነዳጅ አንሷል፣ ወይ ሁለቱም። እንዲህ ያለ ካንዴላ ያየ ሰው መኪናዋን አያስነሳ፤ መጀመሪያ ታይሚንጉን ያስለካ። ጥቁሩ ደረቅና ዱቄት መሳይ ከሆነ ጥቀርሻ ነው፤ እርጥብና የሚያብረቀርቅ ከሆነ ዘይት ነው። ዘይት ከሆነ ደግሞ ካርቡራተሩን ተዉትና ወደ ፒስተኑ ቀለበቶች (ፋሻ) እና ወደ ቫልቭ መምሪያ ሂዱ።

ጊዜውስ? ካንዴላው የሚይዘው የመጨረሻዎቹን ደቂቃዎች ነው። በዳገት ስታስጎትቷት ቆይታችሁ ከዚያ ወደ ቤት በቀስታ ነድታችሁ፣ ግቢ ውስጥ በሚኒሞ አቁማችሁ ብትፈቱት የምታነቡት የሚኒሞውን ጽሑፍ ነው። መደረግ ያለበት እንዲህ ነው። አዲስ ወይም በደንብ የጸዳ ካንዴላ ግጠሙ፤ ሞተሩ በደንብ ይሙቅ። ከዚያ ረጅም፣ ቀጥ ያለ፣ ጭር ያለ ዳገት ላይ በሦስተኛ ማርሽ የነዳጅ ፔዳሉን በአንድ ልክ ይዛችሁ ቢያንስ ለጥቂት ደቂቃ ጎትቱ። ፔዳሉን ሳትለቁ ቁልፉን አጥፉ፣ በዚያው ቅጽበት ፍሪሲዮን ርገጡ፣ ማርሹን አውጡ፣ መኪናዋን ወደ ዳር አንከባልሉ። ሞተሩ አንድም ዙር በሚኒሞ መዞር የለበትም፤ ትርጉሙ ሁሉ እዚያ ላይ ነው።

ሁለት ማስጠንቀቂያ። አንደኛ፣ መሪ የሚቆልፍ ቁልፍ ያላት መኪና ከሆነች ቁልፉን አንድ ደረጃ ብቻ አዙሩ፤ አትንቀሉት። በሞተሩ የአየር ስበት የሚታገዝ ፍሬን ያላት መኪና ደግሞ ሞተሩ ሲጠፋ ከአንድና ከሁለት እርግጫ በኋላ ፍሬኗ ይደነድናል። ቮልስ ይህ ችግር የለባትም፤ አንዳንዶቹ ፔጆዎች አለባቸው። ይህን ሙከራ በአዳማ ፈጣን መንገድ ላይ የሚያደርግ ሰው እኔ አላስተማርኩትም። ሁለተኛ፣ ካንዴላው የሚገባበት የሞተሩ ራስ (ቴስታታ) አሉሚንየም ነው፤ እንደጋለ ካንዴላ ስትፈቱ ጥርሱን ይዞ ይወጣል። ቢያንስ በእጅ እስኪነካ ይቀዝቅዝ። ሞተሩ ጠፍቶ ስለሆነ የሚቀዘቅዘው ጽሑፉ አይለወጥም። ስትመልሱትም በቁልፍ አትጀምሩ፤ ቁራጭ የጎማ ቱቦ ካንዴላው ጫፍ ላይ ሰክታችሁ በጣት አዙሩት፣ ጥርሱን ከሳተ ቱቦው ይንሸራተታል እንጂ አያስገድድም።

አሁን ወደ ከተማችን ከፍታ እንምጣ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እንጦጦ ጫፍ 3,000ን ያልፋል። እዚህ ያለው አየር ጥግግቱ ባሕር ዳርቻ ካለው አምስት እጅ አራቱ ያህል ነው። ካርቡራተር ደግሞ አየርን በክብደት አይለካም። ሞተሩ የሚስበው የአየር ብዛት በአምስት አንድ ሲቀንስ፣ በጄቷ በኩል የሚመጣው ቤንዚን የሚቀንሰው በአየሩ ጥግግት ስኩዌር ሩት ልክ ብቻ ነው፤ ማለትም በ11 በመቶ ገደማ። ልዩነቱ ለቤንዚኑ ያደላል። ለባሕር ዳርቻ 14.7 ሆና የተስተካከለች መኪና እዚህ 13 ገደማ ላይ ትሠራለች ማለት ነው። ለዚህ ነው ከአውሮፓ በፋብሪካ ልኳ የመጣች መኪና አዲስ አበባ ስትደርስ ካንዴላዋ የሚጠቁረው። ጉልበቷም በአምስት አንድ ስለሚቀንስ ካንዴላው እንደ ባሕር ዳርቻው አይሞቅም፤ ጥቀርሻው በዚህም ይብሳል።

በሶሌክስም በዌበርም ካርቡራተር ጄቷ ላይ የተጻፈው ቁጥር የቀዳዳዋ ስፋት ነው፣ በሚሊ ሜትር መቶኛ። 125 የሚል ከሆነ 1.25 ሚሊ ሜትር። የነዳጁን መጠን የሚወስነው የቀዳዳው ስፋት በካሬ ስለሆነ፣ ከፍታው ያበዛውን 12 በመቶ ያህል ነዳጅ ለመቀነስ ቁጥሩን የምታወርዱት በ6 በመቶ ነው፤ ከ125 ወደ 117.5። እኔ ግን በአንድ ጊዜ እዚያ ውረዱ አልልም። 120 ግጠሙ፣ ዳገቱ ላይ ሞክሩ፣ የሸክላውን ሥር እዩ። በቤንዚኑ ላይ ኢታኖል በሚቀላቀልበት ጊዜ ነገሩ ይለወጣል፤ 10 በመቶ ኢታኖል ያለበት ቤንዚን የሚፈልገው አየር 14.7 ሳይሆን 14.1 ያህል ነው። ያው ጄት በኢታኖል በ4 በመቶ ገደማ ነዳጅ ያነሰው ድብልቅ ይሰጣል፤ ከፍታው ካበዛው ሲሶውን ያህል ይመልሳል። ጄት በሽቦ ወይም በመርፌ ቀዳዳዋን የምታጸዱ ሰዎች፣ እባካችሁ፣ ተዉ፤ መቶኛ ሚሊ ሜትር የምንቆጥርበትን ነገር በሽቦ እየፋቃችሁ ነው።

ከአንድ ካንዴላ ይልቅ የአራቱ መልክ ጎን ለጎን ብዙ ይናገራል። ካርቶን ላይ አራት ቀዳዳ ብሱ፣ ከ1 እስከ 4 ጻፉበት፣ እየፈታችሁ በየቀዳዳቸው አስቀምጡ። በቮልስ ቀኝ ፊተኛው 1፣ ቀኝ ኋለኛው 2፣ ግራ ፊተኛው 3፣ ግራ ኋለኛው 4 ነው፤ ፊት የምንለው የመኪናዋን ፊት ነው።

አራቱም እኩል ጥቁር ከሆኑ ለሁሉም የጋራ የሆነውን ነገር ፈልጉ፤ ጄት፣ በካርቡራተሩ ሳህን ውስጥ የቤንዚኑን ልክ የሚጠብቀው የተንሳፋፊው ከፍታ፣ የቆሸሸ የአየር ማጣሪያ፣ ወይም ቾክ። የቮልስ ራስ ሠር ቾክ በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ጥቅልል ብረት ነው፤ ገመዱ ከወለቀ ወይም ማሞቂያው ከተቃጠለ አይከፈትም፣ መኪናዋም ቀኑን ሙሉ እንደ ማለዳ ትጠጣለች። ይህ ገመድ ወልቆ ሳለ ጄት የተለወጠላቸው መኪኖች አሉ።

ሁለቱ በአንድ ወገን ነጥተው የሌላው ወገን ሁለቱ ደህና ከሆኑ ካርቡራተሩ ንጹሕ ነው። ከ1971 ሞዴል ወዲህ ባለው ባለ 1600 ሞተር የአየር ማስገቢያው ቱቦ ከሁለቱ ጫፎች ጋር የሚገናኘው በጎማ ነው፤ ጎማው ሲሰነጠቅ በዚያ ወገን ያሉት ሁለት ሲሊንደሮች ያልተለካ አየር ይስባሉ። የግራ ፊተኛዋ ካንዴላ፣ ቁጥር 3፣ ብቻዋን ከነጣች ደግሞ ታሪክ አላት። በድሮዎቹ ሞተሮች የዘይት ማቀዝቀዣው የማራገቢያው ሽፋን ውስጥ ቆሞ ወደ ግራው ወገን የሚሄደውን አየር ይጋርድና ያሞቅ ነበር፤ ቮልስዋገን በ1971 ሞዴል ላይ ከዚያ አወጣው። ከዚያ በፊት የተሠራች ካለቻችሁ 3ን ከሌሎቹ ይልቅ በጥርጣሬ እዩ። አንዷ ብቻ ከጠቆረች ያቺን ሲሊንደር ተከታተሉ፤ የካንዴላ ገመድ፣ ክፍተት፣ የቫልቭ ክፍተት፣ ኮምፕሬሽን። የካንዴላው ክፍተት ከ0.6 እስከ 0.7 ሚሊ ሜትር መሆኑን፣ እሳቱን በዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ እየከፈተና እየዘጋ የሚያስነሳው የፑንቲናው ደግሞ 0.4 መሆኑን ሳታዩ ስለ ድብልቅ አትፍረዱ፤ ደካማ እሳትም ያጠቁራል።

ስለ ካንዴላ ቁጥር አንድ ወጥመድ ልናገርና ወደ ጥያቄ እንሂድ። ቁጥሩ የካንዴላውን ሙቀት የመያዝ ልክ ያሳያል፤ ቦሽ በሚሠራው ላይ ቁጥሩ ሲያድግ ካንዴላው ሙቀት የሚይዝ ይሆናል፤ ኤንጂኬ ላይ ቁጥሩ ሲያድግ ቀዝቃዛ ይሆናል። ለቮልስ የተለመዱት ቦሽ ደብልዩ 8 ኤሲና ኤንጂኬ ቢ6 ኤችኤስ ናቸው። ከቦሽ 8 ወደ ኤንጂኬ 8 «ቁጥሩ አንድ ነው» ብሎ የለወጠ ሰው በጣም ቀዝቃዛ ካንዴላ ገዝቷል፤ ይጠቁርበታል፣ ካርቡራተሩንም ይወቅሳል።

ከተሰብሳቢው መካከል አንድ ወጣት እንዲህ ሲል ጠየቀ፤ «ጭስ ማውጫው ላይ የኦክስጅን ሴንሰር ከሰካሁ ቁጥሩን በስክሪን አያለሁ። ካንዴላ መፍታቱ ለምን ያስፈልገኛል?»

ጥሩ ነው፤ ካለህ ተጠቀምበት፣ እኔም እጠቀማለሁ። ግን ሴንሰሩ የሚያሳይህ የአራቱን ድምር ነው። ሁለቱ ነዳጅ በዝቶባቸው ሁለቱ አንሷቸው ስክሪኑ 14 ሊል ይችላል፤ አንተም ደስ ብሎህ ትነዳለህ፣ 3ኛዋ እየጋለች። ከዚህ ሌላ የድሮ መኪና ማርሚታ በየመገጣጠሚያው ይተነፍሳል፤ በዚያ በኩል የገባ አየር ሴንሰሩን «ነዳጅ አንሷል» ያሰኘዋል። ለሚኒሞ ደግሞ ከለርቱን የሚባል መስታወት ያለው ካንዴላ አለ፤ ነበልባሉ ቢጫ ከሆነ በዝቷል፣ ጥርት ያለ ሰማያዊ ከሆነ ልክ ነው። ዳገት ላይ ግን አይሠራም።

የመጨረሻው ጥያቄ ወደ ጅቡቲ በቮልሳቸው ለመውረድ ካሰቡ አባት የመጣ ነበር፤ «ልጄ፣ የአዲስ አበባ ልክ ከተበጀላት በኋላ ቆላ ብወርድ ምን ይገጥመኛል?»

አባቴ፣ እዚህ ነው ነገሩ የሚገለበጠው። 117.5 ጄት ያላት መኪና አዋሽ፣ 1,000 ሜትር ገደማ ላይ፣ ነዳጅ ያንሳታል፤ ባሕር ጠለል ስትደርሱ የበለጠ ያንሳታል፣ ያውም በአፋር ሙቀት፣ ሙሉ ጉልበቷ ተመልሶላት። ካንዴላው ነጭ፣ ቀለበቱም የሌለው ይሆናል፤ ዳገት ላይ ማንኳኳት ከሰሙ ደግሞ ፔዳሉን ወዲያው ይልቀቁ። የፋብሪካውን 125 ይዘው ይውረዱና አዋሽ አድረው ጠዋት ይለውጡት። ጄቷ በካርቡራተሩ ጎን ካለው መዝጊያ ቡሎን ጀርባ ስለሆነች ካርቡራተሩን መፍታት አያስፈልግዎትም። ግን ቡሎኑ ሲፈታ በሳህኑ ያለው ቤንዚን በሞተሩ ላይ ይፈሳል። ስለዚህ ሌሊቱን የቀዘቀዘ ሞተር ላይ፣ ባትሪው ተፈትቶ፣ ከሥሩ ጨርቅ ተደርጎ ይሁን፤ ሲጋራ የሚያጨስ ሰውም አጠገብዎ አይቁም።